የእንሰት ቃጫ ኮምፖዚት በብረት ፕሌት ፈንታ፦ ያዋጣል ወይስ ርዕስ ልቀይር?

ማቴሪያሏ_ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማቴሪያል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ያሰብኩት ርዕስ ለክንድ አጥንት ስብራት የሚገባውን የብረት ፕሌት ከእንሰት ቃጫና ከኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሬዚን፣ እንደ ሙጫ ያለ) በሚሠራ ኮምፖዚት፣ ማለትም ቃጫና ሬዚን በተዋሃዱበት ማቴሪያል፣ መተካት ነው።

መነሻዬ እንዲህ ነው። ለኢምፕላንት የሚውለው 316ኤል የማይዝግ ብረት ሞጁለሱ (መለጠጥን የሚቋቋምበት ልክ) 193 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው፤ የታይታኒየሙ ቅይጥ 110፣ ጠንካራው የአጥንት ክፍል ግን ከ15 እስከ 20 ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጭነት ስለሚወስድ ከሥሩ ያለው አጥንት ሥራ ፈትቶ ይሳሳል፤ ብረቱ ሲወጣ ደግሞ እዚያው ላይ ዳግም የመሰበር ስጋት አለ። ሞጁለሱ ለአጥንት የቀረበ ነገር ብጠቀም ይኼ ችግር ይቀላል ብዬ ነው። ቃጫው ደግሞ ቆጮ ሲፋቅ የሚገኝ በመሆኑ በቅርባችን ሞልቷል።

እቅዴ፦ ቃጫውን በ5% ኮስቲክ ሶዳ ማከም፤ በ200 × 150 × 4 ሚ.ሜ ሻጋታ፣ በይዘት 30% ፋይበር፣ በእጅ ደርድሮ በፕሬስ መጫን፤ ከዚያ 11 ሚ.ሜ ስፋትና 3.3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ፕሌት ቆርጦ መፈተሽ።

ጥያቄዎቼ፦ ሞጁለሱ ለአጥንት መቅረቡ ብቻውን ይበቃል? የትኞቹ ፍተሻዎች ግድ ናቸው? እንዴትስ ነው ስቴሪላይዝ የሚደረገው (ከጀርም የሚጸዳው)? ርዕሱ የማያዋጣ ከሆነም ሳልገዛና ሳልጀምር ንገሩኝ።

ኮምፖዚት_ላብ

እህቴ፣ ቁጥሮችሽ ልክ ናቸው። ግን ሞጁለስ የማቴሪያሉ ባሕርይ ነው፤ አጥንቱን የሚይዘው የፕሌቱ ግትርነት ነው። ግትርነት ማለት ሞጁለስ ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በውፍረት ኪዩብ፣ ሲካፈል ለ12 ነው። ባልሽው ልክ (11 በ3.3) ብረቱ 6.4 ኒውተን ስኩዌር ሜትር ያህል ይሰጣል። በሰውነት ውስጥ ለሚገባ ዕቃ ከሚታወቁት ኮምፖዚቶች አንዱ 30% አጭር የካርቦን ፋይበር ያለው ፒክ የሚባለው ፖሊመር ነው፤ ሞጁለሱ 18 አካባቢ ስለሆነ በዚያው ልክ 0.6 ብቻ ይሰጣል። ብረቱን በግትርነት ለመስተካከል ውፍረቱ 7.3 ሚ.ሜ መድረስ አለበት፤ ይኼን የሚሸፍን ሥጋ ክንድ ላይ የለም። ለዚህ ነው ፕሌትና ኔይል (በአጥንቱ መሃል የሚገባ ዘንግ) የሚሠሩት ረጅም ያልተቋረጠ የካርቦን ፋይበር የሚጠቀሙት። 65 ጊጋ ፓስካል ካገኙ 4.7 ሚ.ሜ ይበቃቸዋል። የቃጫ ኮምፖዚት ግን፣ ፋይበሩ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮም ቢሆን፣ በእጅ ሥራ 8 ከደረሰ ጥሩ ነው።

ይኼ እንኳ ባይኖር ቃጫው ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ውሃ ነው። ቃጫ በክፍል አየር ውስጥ እንኳ ከክብደቱ 10% አካባቢ እርጥበት ይይዛል። በ37 ዲግሪ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ ይነፋል፤ ሬዚኑ ግን አብሮት አይነፋም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መጣበቂያ ይላቀቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ተከትሎ ይገባል፣ ግትርነቱም አጥንቱ ገና ሳይገጥም ይወርዳል። የሚፈረካከሰው ብናኝ ደግሞ ሴሉሎስ ነው፤ ሰውነታችን ሴሉሎስን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስለሌለው እዚያው ይቀራል፣ ብግነትም ይቀሰቅሳል። ያልተዋሃደ ሃርደነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ኬሚካል) ሲጨመርበት የሴል መርዛማነት ፍተሻውን (አይኤስኦ 10993-5) ማለፉ አጠራጣሪ ነው።

ታሪኩም ይኼንኑ ይናገራል። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ቻርንሌይ ለዳሌ መገጣጠሚያ መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን ፈጥኖ ተበልቶ ብናኙ ጉዳት አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ፖሊኤቲሊን የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ያንኑ ፖሊኤቲሊን በካርቦን ፋይበር እናጠንክረው ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ ፋይበሩ ከፖሊመሩ ጋር በቅጡ ስላልተያያዘ ስንጥቅ ቶሎ እየሄደበት፣ እየተበላም ቀረ። በሁለቱም ላይ ያጠፋው ንክኪውና ብናኙ ነው።

ፒኩንስ እዚህ ብሠራው ካልሽ፦ 343 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሲሠራ ከ380 እስከ 400 ይፈልጋል፣ ከዚያ በፊት በ150 ዲግሪ ለ3 ሰዓት መድረቅ አለበት። ተራ 3ዲ ማተሚያ ላይ እንዳትሞክሪው። በብዙዎቹ አፍንጫ ውስጥ ያለው የቴፍሎን ቱቦ ከ250 ዲግሪ በላይ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ዶር_ኦርቶ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ከቀዶ ሕክምናው ወገን ግን የጎደለ ነገር አለ፤ «ግትር ያልሆነ ፕሌት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው ግምት ራሱ ትክክል አይደለም።

የአጥንት ስብራት አያያዝ ተመራማሪው ፔረን ያስተማረን ስሌት ቀላል ነው። በስብራቱ ክፍተት ያለው እንቅስቃሴ ለክፍተቱ ስፋት ሲካፈል ስትሬን ይባላል። አጥንት 2% አካባቢ ይችላል፣ ካርቲሌጅ 10%፣ ለጋው የቁስል ሥጋ 100%። ክፍተቱ 1 ሚ.ሜ ሆኖ ፕሌቱ 0.1 ሚ.ሜ ቢያላውስ 10% ደረሰ፤ እዚያ ላይ አጥንት ሊሠራ አይችልም። የተፈረካከሰና ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ስብራት ላይ ግን ያው 0.1 ሚ.ሜ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ካሉስ (ስብራቱን የሚያያይዝ አዲስ አጥንት) ይጠራል። የክንድ ሁለቱ አጥንቶች አሰላለፋቸው ቢዛባ መዳፍ ማዞር ይቸግራል፤ ስለዚህ እዚያ የምንፈልገው ጥብቅ መያዣ ነው። የመረጥሽው ቦታ ለለስላሳ ፕሌት ከሁሉም የማይመቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ብረት ፕሌትን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በእጅ ማጠፊያ ከአጥንቱ ቅርጽ ጋር እናስማማዋለን። የካርቦን ፕሌት አይታጠፍም፤ በፋብሪካ እንደተቀረጸ ነው የሚገባው። ካልገጠመ ሌላ መጠን መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት፤ ሙሉ መጠን ሁልጊዜ በእጅ የማይገኝበት ሆስፒታል ይኼን መሸከም ይከብደዋል።

ሦስተኛ፣ በራጅ አለመታየቱ። ካንሰር አጥንቱን በልቶት ኔይል ለገባለትና ጨረር ለሚወስድ ታካሚ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዕጢው ሳይሸፈን ይታያል፣ የጨረር ስሌቱም በብረት አይዛባም። ለተራ ስብራት ግን የታችኛውን ብሎን ቀዳዳ ለማግኘት በውስጡ ያለውን የታንታለም ምልክት በሲ-አርም (በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ ራጅ) መከተል ግድ ነው። በአገራችን በሰፊው የምንጠቀምበት ሳይን ኔይል ጠንካራ ብረት ሆኖ ያለ ሲ-አርም በማነጣጠሪያ ክንድና ቀዳዳውን በእጅ ስሜት በሚያገኝ መሣሪያ ይቆለፋል። ሲ-አርም በሌለበት ሆስፒታል ይኼ ባሕርይ ከሞጁለስ ይበልጣል።

ጉልበትሽን የሚፈልገው ከቆዳ ውጭ ያለው መያዣ ነው፤ ኤክስተርናል ፊክሴተር። ክፍት የቅልጥም ስብራት በብዛት ይመጣል። ብረት ዘንግ በራጅ ላይ ስብራቱን ይጋርዳል፣ ይከብዳልም። 11 ሚ.ሜ የካርቦን ዘንግ ይኼን ሁሉ ይፈታል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ከደምና ከአጥንት ጋር የሚነካካው ፒኑ (አጥንቱ ውስጥ የሚገባው ችንካር) ብቻ ስለሆነ ብረት ይሁን፤ ዘንጉን እዚህ ሥሩልን።

ማቴሪያሏ_ጅማ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፤ በጣም ግልጽ ሆኖልኛል። ዶክተር፣ እርስዎ ወዳሉት ልሂድ። ግን ቃጫውን ሙሉ በሙሉ መተው አልፈልግም፤ አማካሪዬም በአገር ውስጥ ማቴሪያል ላይ እንድሠራ ነው የሚፈልገው። ዘንጉ ውስጥ ቃጫ የሚገባበት መንገድ አለ? ካለስ እንዴት ልሥራው?

ኮምፖዚት_ላብ

አለ፤ ያውም ጥሩ ጥያቄ የሚወጣበት ነው። ቃጫውን መሃል ላይ አድርጊው።

ዘንግ ሲታጠፍ ጫናው ጠርዝ ላይ ነው፤ መሃሉ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው። የክብ ዘንግ ግትርነት ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል። በ11 ሚ.ሜ ዘንግ ውስጥ 5 ሚ.ሜ እምብርት ከጠቅላላው ግትርነት 4.3% ብቻ ይሸከማል፤ ከማቴሪያሉ ግን 21% ይዟል። ስለዚህ እምብርቱን ቃጫ፣ ዙሪያውን የመስታወት ፋይበር ብታደርጊ፣ ከውጭ የሚገባው ፋይበር በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፣ ግትርነቱ ግን ብዙም አይነካም። መጠምዘዝም ላይ ያው ነው።

ለ300 ሚ.ሜ ዘንግ ልኩ ይኸው። ጠቅላላ ይዘቱ 28.5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ሙሉ መስታወት ቢሆን፣ በ50% ፋይበር፣ በሜትር 2.4 ግራም ከሚመዝነው ክር 50 ፈትል ይፈልጋል። ቃጫ እምብርት ሲኖረው 40 ፈትል ይበቃል፤ ወደ 29 ግራም መስታወትና 13 ግራም ሬዚን። ብክነቱን ጨምረሽ 25 ግራም በጥብጪ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ኩባያ አትበጥብጪ፣ ሃርደነሩ ሙቀት ስለሚያወጣ ኩባያው ውስጥ ይፈላና ይደርቅብሻል። የሃርደነሩን ልክ አምራቹ እንደጻፈው በሚዛን እንጂ በዓይን አትለኪ። ለእምብርቱ በ30% ይዘት 2.5 ግራም ቃጫ በቂ ነው።

ቃጫውን መጀመሪያ በደንብ እጠቢው። ሲፋቅ የቀረበት የቆጮ ስታርች ካለ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሬዚኑም አይጣበቅበትም። ከዚያ በሊትር 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ባለው ውሃ 4 ሰዓት ዘፍዝፊው (ጓንትና መነጽር ሳትይዢ አይሆንም፤ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሪ፣ ውሃውን ወደ ሶዳው በጭራሽ)። በንጹህ ውሃ አለቅልቂ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨምረሽ ፒኤች 7 እስኪመጣ እጠቢ። በ80 ዲግሪ ኦቭን 24 ሰዓት አድርቂውና ከኦቭን እንደወጣ በታሸገ ዕቃ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጪ። በጅማ ክረምት ግማሽ ቀን ጠረጴዛ ላይ የዋለ ቃጫ እርጥበቱን መልሶ ይዟል፤ ያ እርጥበት ሬዚኑ ሲሞቅ አረፋ ይሆናል። ሶዳውን ከዚህ በላይ መጨመርም ጥቅም የለውም፤ ከ5% ሲያልፍ ሴሉሎሱ ራሱ መዳከም ይጀምራል።

አሠራሩ፦ ቃጫውን ነክረሽ በ5 ሚ.ሜ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በሽቦ ሳቢና ይጠንክር። ቱቦውን ቀደሽ አውጪው፣ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጊ፣ ጫፎቹን በሬዚን ድፈኚ። ከዚያ 40ውን ፈትል ዙሪያውን እኩል አሰራጭተሽ፣ ነክረሽ፣ በ11 ሚ.ሜ ፖሊኤቲሊን ቱቦ ውስጥ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ኢፖክሲ ከፖሊኤቲሊን ጋር ስለማይጣበቅ ቱቦው በቀላሉ ይላቀቃል። ስትስቢ ከፊት የሚተፋው ሬዚን አረፋ ካለው አልጨረስሽም ማለት ነው፤ ንጹህ እስኪወጣ ቀጥዪ። መጨረሻ ላይ ዘንጉን አቁመሽ ከታች ክብደት አንጠልጥዪበት። ፈትሉ ሳይወጠር ከደረቀ ይወላገዳል፤ የተወላገደ ፋይበር ደግሞ ሲጨመቅ በዚያው በኩል ይሰበራል። እምብርቱ መሃል ላይ መቀመጡን ለማየት ጫፉን ቁረጪና በመለኪያ አረጋግጪ፤ 1 ሚ.ሜ እንኳ ወደ ጎን ከሄደ ዘንጉ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ይታጠፋል።

ስትፈትሺ፦ 240 ሚ.ሜ በተራራቁ መደገፊያዎች ላይ አስቀምጠሽ መሃሉን በ200 ኒውተን ጫኚ። ሙሉ መስታወቱ 2.14፣ ቃጫ እምብርት ያለው 2.2 ሚ.ሜ አካባቢ መውረድ አለበት። ልዩነቱ ከ0.1 ሚ.ሜ በታች ስለሆነ የማሽኑን ክንድ ንባብ አትመኚ፤ የማሽኑ የራሱ መለጠጥ ይውጠዋል። ዲያል ጌጅ ከዘንጉ ሥር መሃል ላይ አስቀምጪ። 2.7 ካየሽ ወይ አረፋ አለ፣ ወይ ፈትሉ ተወላግዷል።

ባዮሜድ_ቴክ

ስቴሪላይዝ ስለማድረግ ማንም ያላነሳውን ልጨምር። ከተማችን 1,780 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከባሕር ወለሉ 101 በጣም ያንሳል። ይኼ ሁለት ቦታ ይነካሻል።

አንደኛው አውቶክሌቩ (ዕቃ በግፊት እንፋሎት ከጀርም የሚጸዳበት ማሽን) ላይ። 121 ዲግሪ ለማግኘት እንፋሎቱ በፍጹም ግፊት 205 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት። ባሕር ወለል ላይ ጌጁ 104 ሲያሳይ ደረሰ ይባላል፤ መጽሐፉ ላይ 15 ፒ.ኤስ.አይ የሚለው እሱ ነው። እዚህ ጌጁ 123 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ ካላሳየ 121 አልደረስሽም፤ በ15 ብታቆሚ 118 አካባቢ ነሽ። ስለዚህ ናሙናሽን በግፊት ሳይሆን በቴርሞሜትር ተከታተዪ።

ሁለተኛው፣ በቫኪዩም ፓምፕ አረፋ ለማውጣት ከፈለግሽ። ጌጁ ከ80 በላይ አልሄድ ቢልሽ ቀዳዳ ፍለጋ ቀን አታባክኚ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ከ82 የሚበልጥ ንባብ ሊኖር አይችልም።

ዋናው ችግር ግን ሬዚኑ ነው። በክፍል ሙቀት የሚጠነክር ኢፖክሲ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። 121 ውስጥ ስታስገቢው ዘንጉ ጎብጦ ይወጣል። በሙቀት የሚጠነክር ሃርደነር ያለው ሬዚን ያስፈልግሻል፤ በ150 ዲግሪ ድጋሚ ሲጋገር ከ140 በላይ የሚችል። ያንን ቁጥር በደረቅ ናሙና ብቻ አትለኪው፤ ውሃ የጠጣ ኢፖክሲ ቀድሞ ይለሰልሳል። ፖሊኤቲሊን ቱቦሽ ይኼን ሙቀት ስለማይችል መጀመሪያ በ60 ዲግሪ እስኪቆም ጠብቂ፣ ቱቦውን አውጪ፣ ከዚያ ዘንጉን በቀጥተኛ ብረት መደገፊያ ላይ አስረሽ ጋግሪ። ቃጫው 150ን ይችላል፤ ወደ 200 ሲጠጋ ነው ማረር የሚጀምረው።

በረኪናም አትርሺ። በብዙ ቦታ ከታካሚ የወጣ ዕቃ መጀመሪያ 0.5% ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ ይነከራል (5% በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ)። ከዚያ ይታጠባል፣ ከዚያ አውቶክሌቭ። ፍተሻሽ ይኼን ዑደት እንዳለ መድገም አለበት። ጫፉ የተደፈነና ያልተደፈነ ዘንግ ጎን ለጎን አስገቢ፣ በየ10 ዑደቱ ክብደቱንና ጉብጠቱን መዝግቢ። እንፋሎት በተቆረጠው ጫፍ ወደ ቃጫው ይገባል፤ ቃጫው ሲነፋ መስታወቱን በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። የጥናትሽ ዋና ጥያቄ ይኼ ይመስለኛል፤ የመታጠፉ ስሌትማ ከላይ ተሠርቷል።

ዶር_ኦርቶ

ለአጠቃቀሙ ጥቂት ልበል። የመስታወቱ ዘንግ ከካርቦኑ ሦስት እጥፍ ያህል ይለሰልሳል፤ ለአዋቂ ቅልጥም ሁለት ዘንግ ደራርቦ ማሰር ነው። ዲያሜትሩን አታሳድጊ፤ ክላምፖቹ (ዘንጉን ከፒኑ ጋር የሚያስሩት ማያያዣዎች) የተሠሩት ለ11 ሚ.ሜ ነው፣ 0.3 ሚ.ሜ ቢወፍር አይገባም፣ ቢቀጥን ይንሸራተታል።

ክላምፕ ዘንጉን በጎን ስለሚጨምቀው ፋይበሩ ሁሉ በቁመት ብቻ ከሆነ ይሰነጠቃል። የላይኛውን ንብርብር በስስ የመስታወት ቴፕ በ45 ዲግሪ ጠምዝዢው፤ ውፍረቱን ከ11ዱ ላይ ቀንሺ። ክላምፑን በቶርክ መፍቻ እያጠበቅሽ ዘንጉ የሚሰነጠቅበትንና ክላምፑ የሚንሸራተትበትን ለይተሽ ጻፊ። ለፊክሴተር የተዘጋጀው የፍተሻ ደረጃ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ 1541፣ የክላምፑንም የሙሉ መያዣውንም አፈታተሽ ይዟል። አጥንት አያስፈልግሽም፤ ሁለት የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ዘንግ በክፍተት አራርቀሽ፣ 5 ሚ.ሜ ፒን አስገብተሽ መሥራት ይቻላል። የፒኑ ነፃ ርዝመት ላይ ጠንቃቃ ሁኚ፦ ዘንጉን ከ60 ወደ 40 ሚ.ሜ ብታቀርቢው የፒኑ ግትርነት ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ርቀቱ በየፍተሻው ከተለያየ ዘንጎቹን ማወዳደር አይቻልም።

ታካሚ ላይ ግን በዚህ ጥናት አይሞከርም። ለዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለ፤ ሌላ ምዕራፍ ነው። ክላምፕ ከቸገረሽ የአጥንት ክፍሉን በደብዳቤ ጠይቂ፤ ጥርሱ ያለቀ ሳይሆን ዘንጉን በትክክል የሚይዝ ምረጪ፤ ያለዚያ የምትለኪው የክላምፑን ድካም ይሆናል።

ማቴሪያሏ_ጅማ

ገባኝ ዶክተር። ሦስት ዓይነት ዘንግ አዘጋጃለሁ፦ ሙሉ መስታወት፣ ቃጫ እምብርት ጫፉ የተደፈነ፣ ቃጫ እምብርት ያልተደፈነ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት። የ45 ዲግሪው ቴፕ በሁሉም ላይ ይኑር ወይስ እሱም ተለዋዋጭ ይሁን?

ኮምፖዚት_ላብ

በሁሉም ላይ ይኑር። ተለዋዋጭ ካደረግሽው ናሙናው እጥፍ ይሆናል፣ ስንጥቁ ከቃጫው ይምጣ ከክላምፑ መለየትም ያስቸግርሻል። አምስቱን ግን ስምንት አድርጊው፤ በእጅ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ሁለቱ በአረፋ መውደቃቸው አይቀርም። ከፍተሻ በፊት ሁሉንም መዝኚ፤ ከወገኑ አማካይ ከ3% በላይ ቀልሎ የተገኘውን ለይተሽ ጫፉን ቆርጠሽ እዪው።